የአያቴን የገብስ ሙያ በጽሑፍ ለማስቀመጥ ምክር እጠይቃለሁ

የጌራ ምድር ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ፤ የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች።

እምዬ እያልን የምንጠራቸው አያቴ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ ጌራ ምድር ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኝ አንዲት መንደር ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። በዚያ ብርድና ውርጭ ጤፍ አይበቅልም፤ የአገሩ እህል ገብስ ነው፣ ከእርሱም ጋር ባቄላና አተር። በልጅነቴ ለክረምት ዕረፍት ስሄድ የምበላውና የምጠጣው ሁሉ ከገብስ የወጣ ነበር፦ ጠዋት ቂንጬ ወይም ገንፎ፣ ቀን ከእረኞች ጋር ቆሎና በሶ፣ ማታ የገብስ እንጀራ በሽሮ፣ እንግዳ ሲመጣ ጠላ፣ ሰው ሲታመም አጥሚት።

እናቴ ገና በልጅነቷ ለትምህርት ወደ ከተማ ስለመጣች ሙያውን በሙሉ አልተማረችውም። እኔ ደግሞ ወንድ በመሆኔ ከጓዳ ስባረር ያደግሁ ነኝ። በመሆኑም ከእምዬ በኋላ በቤታችን ይህን የሚያውቅ ሰው አይኖርም ብዬ ስለሰጋሁ፣ ባለፈው ጥር ደብተርና ስልክ ይዤ ሄጄ ሦስት ቀን ከምድጃው አጠገብ ተቀመጥሁ። ደስ አላቸው፤ ትንሽም ሳቁብኝ። ነገር ግን ያገኘሁት መልስ የሚከተለውን ይመስል ነበር። ውኃው ስንት ነው ስላቸው «የሚበቃውን ያህል» ይሉኛል። ምን ያህል ሰዓት ይቆላል ስላቸው «እስኪደርስ»። መድረሱን በምን ያውቃሉ ስላቸው ደግሞ «ሲደርስ ራሱ ይነግርሃል» ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ደብተሬን ይዤ በሶ ለማዘጋጀት ሞከርሁ። ሦስት ኪሎ ገብስ ከገበያ ገዛሁ፤ አጠብሁት፤ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳደርሁት፤ አድርቄ በብረት ምጣድ ቆላሁትና ወደ ወፍጮ ቤት ወሰድሁት። ያገኘሁት ዱቄት መራራና ጉሮሮ የሚቧጭር ሆነ። ከዚህም በላይ ባለወፍጮው ከእኔ በፊት የሌላ ሰው በርበሬ ፈጭቶ ስለነበር፣ በሶዬ እኔ ምንም ሳልጨምርበት በርበሬውን ይዞ መጣ።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። በእጅ፣ በዓይንና በአፍንጫ የሚሠራን ሙያ፣ ሌላ ሰው አንብቦ ሊሠራው በሚችል መልኩ እንዴት ይጻፋል? በኪሎና በደቂቃ ለመለወጥ መድከም ይገባኛል ወይስ ሌላ መንገድ አለ? ደግሞም ከምግቡ ጋር ተያይዞ የሚነገረው ሁሉ፣ እምዬ ሲሠሩ የሚያንጎራጉሩት ጭምር፣ ከአሠራሩ ጋር ይጻፍ ወይስ ለብቻው? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

እትዬ ከማማ ምድር

ልጄ፣ ጎረቤት ነንና ልመልስልህ። እኔም ከዚያው ከመንዝ ነኝ፤ በከተማ ከተቀመጥሁ ብዙ ዓመት ቢሆነኝም በሶዬን እስከ ዛሬ ራሴ ነው የማዘጋጀው።

ነገሩ የተበላሸብህ ገብሱን ስትገዛ ነው። «ገብስ የእህል ንጉሥ» ይባላል እንጂ ገብስ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ለቆሎና ለበሶ የሚፈለገው ገለባውን በቀላሉ የሚለቅ፣ ሰነፍ ገብስ የምንለው ነው። ጥቁሩ ገብስ ለጠላ ይመረጣል፤ ለእንጀራና ለዳቦ የሚሆነውም ሌላ ነው። ገበያ ላይ በከተማ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የተደባለቀ ስለሆነ፣ አንዱ ፍሬ ሲደርስ ሌላው ገና ጥሬ ነው፤ ሦስተኛው አርሯል። አያትህ ግን የሚቆሉት ከየትኛው ማሳ እንደታጨደ የሚያውቁትን ገብስ ነው። ስለዚህ ደብተርህ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ መስፈር የነበረበት የገብሱ ስም ነበር፤ እርሱን ጠይቀሃቸዋል?

ሁለተኛው ጥፋት ሌሊቱን ማሳደርህ ነው። ለበሶ የሚሆን ገብስ ውኃ ይረጭበታል እንጂ በውኃ ውስጥ አያድርም። ውኃው የሚረጨው ገለባው ርሶ እንዲላቀቅ ብቻ ነው። ከዚያ በሙቀጫ ተደርጎ በዘነዘና ይፈተጋል። አየህ፣ መፈተግና መውቀጥ ይለያያሉ፤ ስትወቅጥ ፍሬው ይሰበራል፣ ስትፈትግ ግን ዘነዘናው ፍሬውን ከፍሬው ጋር እያፋተገ ልብሱን ያወልቀዋል። ክንድን ለቀቅ አድርጎ ነው የሚሠራው፣ ጉልበት የሚጥል ሰው ቂንጬ አድርጎት ይነሣል። ከተፈተገ በኋላ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲደርቅ በሰፌድ ይበጠራል፤ ገለባው ካልጠራ እንደገና ይፈተጋል። የአንተን ጉሮሮ የቧጨረው ይህ ያልወጣ ገለባ ነው፤ ወፍጮ ያደቅቀዋል እንጂ አያጠፋውም።

ምሬቱ የመጣው ደግሞ ከእሳቱ ነው። ምጣዱ ከመጠን በላይ ከጋለ ፍሬው ከውጭ ጠቁሮ ከውስጥ ጥሬ ይቀራል። ብዙ ገብስ በአንድ ጊዜ አትጨምር፤ የምጣዱን ፊት ስስ አድርጎ የሚሸፍን ያህል ይበቃል፤ እጅህም ከማማሰያው አይነሣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፍሬው አልፎ አልፎ መፈንዳት ይጀምራል። ድምፁ መጀመሪያ ተራርቆ ነው የሚሰማው፣ ቀጥሎ ይደራረባል፣ ሽታውም ከጥሬ እህል ሽታ ወደ ትኩስ ዳቦ ሽታ ይለወጣል። በዚያ ሰዓት አንድ ፍሬ አንሥተህ በፊት ጥርስህ ለሁለት ክፈላት። ውስጧ ነጭ ዱቄት ከሆነ ገና ነው፤ ፈካ ያለ የማር መልክ ይዞ እንደ ብስኩት ከተሰበረ ምጣዱን አውርድ። አውርድ ስልህ ወዲያውኑ ወደ ሰፌድ ገልብጠው፤ በምጣዱ ላይ ከተውኸው እሳቱ ቢጠፋም መቆላቱ አይቆምም።

አያትህ «ራሱ ይነግርሃል» ያሉህ ይህንን ነው። አልቀለዱብህም። በድምፅ ይነግርሃል፣ በሽታ ይነግርሃል፣ በጥርስ ይነግርሃል። አንተ የጻፍኸው ግን «ይቆላል» የሚለውን አንድ ቃል ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ልኩ የጠየቅኸውን ላንሣ። እፍኝ የባለቤቱ ናት፤ የእኔ እፍኝና የአያትህ እፍኝ እኩል አይሆኑም። ነገር ግን ዱቄቱንም ጨውንም የሚሰፍሩት በዚያው በአንድ እጅ ስለሆነ ምጥኑ አይዛባም። እጃቸው ትንሽ ከሆነች ሁሉም ነገር በዚያው ልክ ያንሳል። ውኃን በተመለከተ ግን የሚታዘዙት ለዱቄቱ ነው፦ በሶውን ካሹት በኋላ ጥቂት ይተዉታል፤ ዱቄቱ ውኃውን ይመጥጣል፤ ከዚያ አንድ ጭብጥ ወስደው ጨብጠው ይከፍቱታል። የጣቶችህ ምልክት ሳይሰነጠቅ ከቀረበት ደርሷል፤ ከተሰነጠቀ ውኃ ያንሰዋል፤ መዳፍህ ላይ ከቀረ በዝቶበታል።

ለወፍጮው የሚሆን መድኃኒት ደግሞ ማልዶ መሄድ ነው። ማልደህ ካልደረስህ ባለወፍጮውን ከአንተ በፊት ምን እንደፈጨ ጠይቀው፤ ከተቆላው ገብስህም ጥቂት እፍኝ ለማጽጃ አስቀድመህ አሳልፍና ለዶሮ ስጠው።

ደጋና ቆላ

በእትዬ መልስ ላይ የምጨምረው የአሠራር ነገር የለኝም። ስለ አጻጻፉ ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ጠያቂው ወንድሜ እንደ ትችት እንዳይወስድብኝ እጠይቃለሁ።

«የመንዝ ምግብ» የሚል ርእስ ከሰጠኸው ነገ የሚነሣብህ ክርክር ብዙ ነው። በሶና ቆሎ በስሜን ተራሮችም፣ በጎጃምም፣ በወሎም፣ በአርሲና በባሌ ደጋም አለ። በኦሮሞ ቤት ጭኮ በቅቤ ታሽቶ የክብር እንግዳ ይቀበላል። በትግራይ በአጋመ በኩል ደግሞ ይኸው የተቆላ የገብስ ዱቄት ታሽቶ፣ በእጅ እየተድቦለቦለ፣ በባለ ሹካ እንጨት ወጥ ውስጥ እየተነከረ ጥህሎ ሆኖ ይበላል። ደግሞም የአያትህ ጓዳ ብቻውን የቆመ አይደለም፤ በርበሬው ከቆላ፣ ጌሾው ከወይና ደጋ፣ ኮረሪማው ከደቡብ ምዕራብ ጫካ በገበያ ወደ ተራራው የወጣ ነው። የተራራው የራሱ የሆነ ቅመም ቢኖር በየገደሉ አፋፍ የሚበቅለው ጦስኝ ይመስለኛል።

ስለዚህ «በእኛ ቤት እንዲህ ይሠራል» ብለህ ብትጽፍ ይሻላል። ይህንን ማንም ሊከራከርህ አይችልም።

የምግብ ሳይንስ መምህር

ሰላም ለሁላችሁ። በእትዬ መልስ ውስጥ ያለው እውቀት እኔ በክፍል ውስጥ ከማስተምረው የሚበልጥ መሆኑን እየመሰከርሁ፣ ስለ መለካት ግን አንድ ቀላል ዘዴ ላካፍል።

ባለሙያን ሰው «ለካ» ማለት እጁን ማሰር ነው። እርሳቸው ጣሳና ሚዛን ሲይዙ የሚሠሩት ሌላ ነገር ይሆናል፤ እጃቸው ማሰብ ያቆማል። በመሆኑም የሚለካው ከእጃቸው የወጣው ሳይሆን በዕቃው ውስጥ የቀረው ይሁን። 1 ኪሎ ዱቄት መዝነህ በአንድ ዕቃ አስቀምጥላቸው፤ 1 ሊትር ውኃ በሌላ፤ 100 ግራም ጨው በሦስተኛ። እንደ ልማዳቸው እየዘገኑ ይሥሩ። ሲጨርሱ የቀረውን መዝን። ልዩነቱ እርሳቸው የተጠቀሙበት ነው። ይህንን በሦስት የተለያዩ ቀናት አድርገው፤ አንድ ቀን ብቻ ከለካህ ያገኘኸው የዚያን ቀን ምግብ ነው። በሦስቱ ቀናት የማይለዋወጠው ቁጥር ሕግ ነው፤ የሚለዋወጠው ቁጥር ደግሞ እርሳቸው በስሜት ሕዋሳታቸው የሚቆጣጠሩት ነገር እንዳለ ያመለክትሃል፤ እዚያ ላይ ከቁጥር ይልቅ ምልክቱን ጻፍ።

ከፍታውን መመዝገብህ ትክክል ነው፤ ጌጥ እንዳይመስልህ። ውኃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ከፍታ በየ300 ሜትሩ ሲጨምር ግን የመፍያው ሙቀት በግምት በ1 ዲግሪ እየቀነሰ ይሄዳል። በአያትህ መንደር ውኃው የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው ማለት ነው። ድስቱ የፈለገውን ያህል ቢንተከተክ ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ስለዚህ ሙሉ ባቄላና አተር ቀቅሎ ማብሰል እንጨት ይፈጃል፤ እንጨት ደግሞ በዚያ ቀዝቃዛ አገር ስለማይትረፈረፍ ብዙው ቤት የሚያነደው ኩበት ነው። ደረቅ ምጣድ ግን ለከፍታ አይበገርም፤ የፈለግኸውን ያህል ይግላል። እህሉን አንድ ጊዜ ቆልቶ ፈጭቶ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ለሳምንታት ያለ እሳት በሶ መብላት ወይም ጥራጥሬውን ሽሮ አድርጎ በጥቂት እሳት ማብሰል ለተራራ ኑሮ የተስማማ ብልሃት የሆነው ስለዚህ ይመስለኛል። ይህን የምለው በሌላም የዓለም ክፍል ተመሳሳይ ነገር ስላለ ነው። የቲቤት ሰዎች ዋና ምግባቸው ፃምፓ የሚሉት የተቆላ የገብስ ዱቄት ነው፤ በቅቤ በተመታ ጨው ባለው ሻይ እያሹ በእጃቸው ጨብጠው ይበሉታል። በአንዲስ ተራሮች፣ በኢኳዶር፣ ማችካ የሚባለውም የዚሁ ዘመድ ነው። ያ እህል ወደዚያ የደረሰው በቅርብ መቶ ዓመታት በስፔናውያን እጅ ቢሆንም ተራራው ያስተማራቸው አንድ ዓይነት ነገር ነው።

በተቆላው ዱቄት ውስጥ የቀረው ርጥበት እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ በደረቅ ዕቃ ከተከደነ ወራት ይቆያል። ውኃ የነካው ማንኪያ ከገባበት ግን ይበላሻል። በቅቤ የታሸው ጭኮ የሚቆየውም ቅቤው ተነጥሮ ውኃው ስለወጣለት ነው።

ጠላውን ስትጽፍ ቀን አትቁጠር። መብላላት በብርድ ይዘገያል፤ ስለዚህ ጥንስሱ መንዝ ላይ የሚፈጅበት ጊዜና አዲስ አበባ ላይ የሚፈጅበት ጊዜ እኩል አይሆንም። «አምስት ቀን» ብለህ ከጻፍህ በቆላ የሚኖር አንባቢህ ኮምጣጤ ይጠጣል። አረፋው መቼ እንደሚነሣ፣ ድፍድፉ መቼ እንደሚሰጥም፣ ሽታው መቼ እንደሚለወጥ ጻፍ።

የመጨረሻው ነገር ስለ ዘሩ ነው፤ እትዬ ያነሡትን ላጠናክር። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዘር በሰበሰበ ጊዜ ካስደነቁት ነገሮች አንዱ የገብሳችን ብዛትና ልዩነት ነበር። ገብስን እያቀጨጨ ቅጠሉን ቢጫ የሚያደርግን ቫይረስ የሚቋቋም ባሕርይ ከኢትዮጵያ ገብስ ተገኝቶ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ለሚዘሩ ዝርያዎች ተሰጥቷል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የዘር ባንክ አለ፤ ዛሬ በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር ነው። ባንክ ውስጥ ያለ ዘር ግን ለምን እንደሚሆን አይናገርም፤ «ይኼኛው ለበሶ፣ ያኛው ለአራስ አጥሚት» የሚለውን የሚያውቁት አያትህ ናቸው። ስለዚህ ከየዓይነቱ አንድ አንድ እፍኝ በወረቀት ከረጢት አድርገህ፣ ስሙን፣ የተዘራበትን ወርና የሚውልበትን ምግብ በላዩ ጻፍበት። ፕላስቲክ አትጠቀም፤ ይሻግታል።

በነገራችን ላይ፣ ገብስ ግሉተን አለው። ጤፍ የለመደ አንባቢ ሁሉንም የአገር እህል አንድ አድርጎ እንዳያይ፣ በግሉተን የሚታመም ሰው ይህን እንዳይበላ በግርጌ ማስጠንቀቅህን አትርሳ።

የጌራ ምድር ልጅ (ጠያቂ)

እትዬ፣ መምህር፣ እንዲሁም ደጋና ቆላ፣ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ደብተሬን ገልጬ ሳየው በእርግጥም «ይቆላል» ከሚለው ቃል በቀር ምንም የለበትም፤ የገብሱም ስም የለም። ርእሱንም ወደ «በእኛ ቤት» ቀይሬዋለሁ። ለፋሲካ ስሄድ ሚዛን ይዤ እሄዳለሁ። ስለ እንጉርጉሮው ግን እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

የመጅ ድምፅ

እኔ ስለዚያ ልመልስ። የአፍ ሥነ ቃል ለበርካታ ዓመታት ሰብስቤአለሁ፤ ከስሕተቴም ተምሬአለሁ።

እንጉርጉሮው ከአሠራሩ ተለይቶ አይጻፍ። እናቶቻችን በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጩ የሚያንጎራጉሩት መጁ ወደፊትና ወደ ኋላ በሚሄድበት ልክ ነው፤ ስንኙ የሚሰበረው ክንዱ በሚመለስበት ቦታ ላይ ነው። አንድ ጊዜ አንዲትን እናት ወንበር ላይ አስቀምጬ «እባክዎ የወፍጮውን ይበሉልኝ» ብላቸው ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ ጠፋባቸው። ወፍጮው ሥር ተንበርክከው መጁን ሲይዙ ግን ሳያቋርጡ ቀጠሉ። ስለዚህ እምዬን ስትቀዳቸው ሥራ ላይ እያሉ ቅዳቸው፤ ስልኩንም ከድንጋዩ ራቅ አድርገህ አስቀምጠው፤ ካልሆነ የምትሰማው ድንጋዩን ብቻ ነው። የሞተር ወፍጮ ከገባ በኋላ ሴቶች ከከባድ ድካም ተገላግለዋል፣ ይህንን የሚቆጭ ሰው ድንጋዩን ራሱ ይፍጭበት እላለሁ፤ ግን ዜማው ከድንጋዩ ጋር መሄዱ እውነት ነው።

ሁለተኛ፣ ፈቃድ ጠይቅ። የወፍጮ እንጉርጉሮ ብዙውን ጊዜ ሴት ልጅ በግልጽ ልትናገረው የማትችለውን የምትናገርበት ነው፤ በአማት ላይ፣ በባል ላይ፣ በሩቅ አገር በተዳረችበት ቀን ላይ። እምዬ የሚያንጎራጉሩት ስለ አያትህ ቢሆንስ? የትኛው ለቤተሰብ ብቻ፣ የትኛው ለሁሉም እንደሚሆን እርሳቸው ይወስኑ።

ሦስተኛ፣ ምግቡ የሚሠራበትን ቀንና ምክንያት ጻፍ፤ ከግማሽ በላይ የሆነው ቅርስ እርሱ ነውና። ገንፎ ጠዋት ሲበላ ቁርስ ነው፤ አራስ ቤት ሲገባ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ሴቶች ተሰብስበው፣ መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ የተሞላውን ገንፎ ከበው፣ እልል እያሉ፣ ማርያምን እያመሰገኑ ይቀምሱታል። በጾም በሶው በውኃና በጨው ወይም በማር ይታሻል፤ ሲፈታ ያው ዱቄት በቅቤና በበርበሬ ጭኮ ይሆናል፤ ስለዚህ «በሶ» የሚል አንድ ገጽ አይበቃህም። ነሐሴ 13 ቀን ለቡሄ ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች የሚቀበሉትን ሙልሙል እምዬ ከየትኛው ዱቄት እንደሚጋግሩት፣ ለምን እንደዚያ ረዘም እንደሚያደርጉት ጠይቃቸው። መንገደኛ ሲነሣ ስንቁ በምን ይቋጠርለት እንደነበረ ጠይቃቸው። ስልቻና አቁማዳ በቤት ውስጥ ካሉ ፎቶ አንሣ፤ ሰፌዱን ግልብጥ አድርገህ ስንደዶው በአክርማ እንዴት እንደተሰፋ የሚያሳይ ምስልም ውሰድ፤ ዕቃው ሲጠፋ ስሙ ይጠፋል፣ ስሙ ሲጠፋ ደግሞ «በሰፌድ ይበጠራል» የሚለው ዓረፍተ ነገርህ የሚረዳው አያገኝም።

የጌራ ምድር ልጅ (ጠያቂ)

ቃል በገባሁት መሠረት ከፋሲካ መልስ ያገኘሁትን ላቅርብ።

የመምህሩን ዘዴ ሳልናገር ሠራሁበት፤ ዕቃዎቹን መዝኜ አስቀምጬ እምዬ እንደ ልማዳቸው እንዲሠሩ ለመንኋቸው። በመጀመሪያው ቀን አራት እፍኝ ዱቄት ወሰዱ፤ የቀረውን ስመዝን የተጠቀሙበት 248 ግራም ሆነ። በሁለተኛው ቀን 252፣ በሦስተኛው 247። የሰማንያ ዓመት እጅ ከ5 ግራም በላይ አልተንቀሳቀሰችም፤ የእኔ ሚዛን ከዚያ የበለጠ ትሳሳታለች ብል አላጋንንም። ጨውም ሦስቱንም ቀን እኩል ነው፣ 4 ግራም።

ውኃው ላይ ግን ነገሩ ተለወጠ። በሁለቱ ቀናት 170 እና 175 ሚሊ ሊትር የተጠቀሙ ሲሆን በሦስተኛው ቀን ወደ 200 ተጠጋ። ያን ቀን ካሹት በኋላ አንድ ጭብጥ ወስደው፣ ልክ እትዬ እንደጻፉት፣ ጨብጠው ከፈቱት፤ ጠርዙ ተሰነጠቀ። ፊታቸውን ሳይለውጡ በመዳፋቸው ጥቂት ውኃ ረጩበት፣ እንደገና አሹት፣ እንደገና ጨብጠው ከፈቱት። በሦስተኛው ጊዜ አራቱም ጣቶቻቸው እንደ ማኅተም ታትመው ቀሩ። ያንን ጭብጥ ሳይቆርሱ ሰጡኝና «አሁን ነገረህ?» አሉኝ።

ስለ እንጉርጉሮውም ጠየቅኋቸው። ሁለቱን ፈቀዱልኝ። ሦስተኛውን ከዘፈኑት በኋላ ስልኩን እንድዘጋና እንዳጠፋው አዘዙኝ፤ አጥፍቼዋለሁ። ስለ ማን እንደሆነ ግን አሁን ገብቶኛል።

የገብሶቹንም ዘር በወረቀት ከረጢት ይዤ መጥቻለሁ፤ አራት ዓይነት ነው፤ ከእነርሱ ውስጥ አንዱን ከእርሳቸውና ከአንድ ጎረቤታቸው በቀር በመንደሩ የሚዘራው የለም ብለውኛል። የቀረኝ በሦስተኛው ቀን ውኃው ለምን እንደበዛ ማወቅ ነው።

እትዬ ከማማ ምድር

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጨብጠው የሰጡህ ነገር ሆዴን አባባው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፦ የሦስተኛው ቀን ዱቄት ከመጀመሪያዎቹ ጋር በአንድ ቀን የተፈጨ ነው? ገብሱስ የወጣው ከአንድ ጎታ ነው? ደቀቅ ብሎ የተፈጨ በሶ ውኃ ይጠጣል፤ ከአምናው ጎታ የወጣ፣ ይበልጥ የደረቀ ገብስም እንደዚሁ።

የጌራ ምድር ልጅ (ጠያቂ)

እትዬ፣ አልጠየቅሁም። በጎታው በኩል ሁለት እንዳሉ አይቻለሁ፤ አንዱ አፉ በጭቃ የተመረገ ነበር፣ በመጨረሻው ቀን ግን ተከፍቶ አይቼዋለሁ። ቅዳሜ ስደውልላቸው እጠይቃቸዋለሁ።